«ቦርዱ ሄዷል!»

ይህችን ዐረፍተ ነገር ሰምቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ካለ እጁን ያውጣ። ቴሌቪዥን ይዛችሁ ሂዱ፣ «ቦርዱ ሄዷል»። የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ «ቦርዱ ሄዷል»። ስልክ፣ የመኪና ቴፕ፣ የውኃ መሳቢያ... የከሰል ምድጃ ብትወስዱ እንኳ ቦርዱ ሳይሄድ አይቀርም።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን «የዐረፍተ ነገሩን ባለቤት ፈልጉ!» እያልኩ ተማሪ ሳስጨንቅ ስለነበር ልማዱ ዛሬም አልለቀቀኝም። የዚህች ዐረፍተ ነገር ባለቤት ቦርዱ ነው። ማን ነካው? ምን አገኘው? በየት በኩል ሄደ? አይታወቅም። ጠጋኙ የለበትም፣ ባለዕቃው የለበትም፣ መብራት ኃይልም የለበትም። ቦርዱ በገዛ ፈቃዱ ጓዙን ጠቅልሎ ውልቅ። ተከትላ የምትመጣዋንም ታውቋታላችሁ፤ «አዲስ ብትገዛ ይሻልሃል።»

እኔ የምለው ይህ የባለሙያ ቃል አይደለም። አለመፈለግ ነው። ያልፈለገ ሰው «የለም» ሲል እንደማለት ነው። መጽሐፉን ሳይከፍት «ልቦለዱ ደካማ ነው» ብሎ ሁለት ገጽ ሂስ ጽፎ የሚያመጣልኝ ተማሪ ነበረኝ፤ ዛሬ ካቻቢቴ ይዞ መርካቶ ቢቀመጥ ቦርድ ሲያስኬድ ይውል ነበር።

ለክርክሬ ምስክር የማቆመው አንድ ያረጀ ኪቦርድ ነው። አብዛኛው ሰው «ኦርጋን» ይለዋል፤ ትክክለኛ ስሙ ሲንተሳይዘር ነው፤ ያማሃ ዲኤክስ 7። እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ ቀረበ። 61 ቁልፎች፣ በአንድ ጊዜ 16 ድምፅ፣ በሆዱ 32 የድምፅ ዓይነት የሚይዝበት ቦታ አለው። ድምፅ የሚፈጥርበትን ዘዴ ያገኘው በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆን ቾውኒንግ ነው፤ አንዱ ሞገድ ሌላውን በፍጥነት እያወዛወዘ ከሁለቱ አዲስ ድምፅ ይወለዳል። ያማሃ ይህን ዘዴ ገዝቶ ዓለምን አጥለቀለቀበት።

እኛንም አልማረን። የደርግ ሰዓት እላፊ ሌሊቱን ከዘጋው፣ ትልልቆቹ ባንዶችም እየሳሱ ከሄዱ በኋላ የጥሩምባውንና የሳክስፎኑን ቦታ እየወረሰ የመጣው ኪቦርድ ነው። የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ሲቀዳ ከአኮርዲዮኑና ከሮድስ ፒያኖው ጋር ዲኤክስ 7 ነበረበት። ያንን ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ እንደገና አወጣውና ፈረንጁ በየአገሩ ያዳምጠው ጀመር። እኛስ? ድምፁን የሠራውን መሣሪያ በኪሎ ለቁራሌው። ፈረንጅ ሲወደው ደግሞ «የእኛ እኮ ነው» ለማለት የሚቀድመን የለም።

የእኔው ዲኤክስ 7 የታላቅ ወንድሜ ነበር። በደርግ መጨረሻ ዓመታት ማታ ማታ ሆቴል ይጫወትበት ነበር፤ ኋላ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ እኔ ዘንድ ተወው። ከ32ቱ ቦታዎች ዘጠኙን ፋብሪካው የሞላውን አጥፍቶ በራሱ ድምፆች ሞልቷቸው ነበር። ክራር አለ፣ ማሲንቆ አለ፤ 17 ቁጥር ላይ ደግሞ ዋሽንት። ሌሊቱን በጆሮ ማዳመጫ ሲሠራ ያድርና ጧት እናቴን «እስቲ ስሚልኝ» ይላታል። «አሁንም ፊሽካ ነው» ትለዋለች። እንደገና ያድራል። ስንት ወር እንደፈጀበት እሱም አያስታውስም። አንድ ቀን ግን እናቴ ሰምታ ዝም አለች። ያ ድምፅ ቴፕ ላይ አልቀረም፤ ያለው እዚያ መሣሪያ ውስጥ ብቻ ነበር። መሣሪያው ሲጠፋ ትውስታውን የምትጠብቅለት የ50 ሳንቲም የምታክል 3 ቮልት ባትሪ አለችው፤ ወንድሜ በ1995 ዓ.ም. ለዕረፍት መጥቶ ቀይሯት ሄዷል። ዘንድሮም ነፍስ ነበራት፤ መሣሪያው ራሱ ስንት ቮልት እንደቀራት ያሳያል፣ አይቻለሁ።

ችግሩ እንዲህ ጀመረ። ድምፁ ይንተፋተፋል፤ ከጀርባ የተሰካውን ገመድ ነካ ሳደርገው ይመጣል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን ጭራሽ ጠፋ። የፊት መስኮቱ ላይ ጽሑፉ ይበራል፤ ድምፅ የለም። ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። የቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ከጎኑም ከፊቱም መሰሎቹ ሞልተዋል። የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኩት፣ ገመዱንም ጭምር። ልጁ ስልኩን እየጎረጎረ ሰማኝ ወይም አልሰማኝም። ትቼው ሄድኩ። በማግሥቱ ስመለስ፤

«ፋዘር፣ ቦርዱ ሄዷል።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ሪሴት ላደርገው ባትሪውን ነቅዬ መለስኩት፤ እምቢ አለ። ለመለዋወጫ ከሸጥከው ግን እኔ እወስደዋለሁ።»

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ባትሪዋ ስትነቀል የ32ቱ ቦታ ትውስታ አብሮ ተነቀለ። ዋሽንቱ፣ ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ሁሉም። መስኮቱ ላይ የድምፆቹ ስም በነበረበት የማይነበብ ኮተት ተደርድሯል።

አሁን አንድ ቁጥር ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ንዴቴ ያለው እዚህ ቁጥር ውስጥ ነው። የዲኤክስ 7 የ32 ድምፅ ትውስታ በሙሉ ተደምሮ 4,096 ባይት ነው። የእኛ አንድ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ የወንድሜ የስንት ሌሊት ልፋት 1,365 ፊደል ያህል ናት ማለት ነው። ይህ የምታነቡት ጽሑፍ በብዙ እጥፍ ይበልጣታል። በሚዲ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ቢያያዝ ገመዱ በሰከንድ 3,125 ባይት ያሳልፋል። ሁሉንም ገልብጦ ለማስቀመጥ አንድ ሰከንድ ተኩል አይሞላም! ይህች ናት ያልተሠራችው ሥራ። «አባቴ፣ እዚህ ውስጥ የምትፈልገው ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅማ ገመድም ኮምፒውተርም አይፈልግም። የታይፕ ጸሐፊ እንኳ ወረቀት ከመቅደዷ በፊት «ይፈለጋል?» ትላለች።

«ልጁ አልተማረም» የሚለኝ አይጠፋም። ልጁ ኪሱ ውስጥ ባለው ስልክ የዚህን መሣሪያ የጥገና መጽሐፍ ከነሥዕላዊ መግለጫው ማግኘት ይችላል። የጃፓን መሐንዲሶች እያንዳንዷን ሽቦ ስለውለታል፤ የት ቦታ ስንት ቮልት መለካት እንዳለበት ጽፈውለታል። ያጣው ዕውቀት አይደለም።

ሁለተኛውን ጥገና ቤት በአጭሩ ልለፈው፤ እዚያ ክዳኑም አልተከፈተም።

ሦስተኛው መርካቶ ነው፣ ከምን አለሽ ተራ ብዙም ሳይርቅ፤ ከቆርቆሮ ማሰሻ፣ ከጎማ በረባሶ ከሚወለድበት ሰፈር። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ከሬዲዮና ከቴፕ ዘመን የተረፉ። ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥኩላቸው በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አልነኩትም። ይጠይቁኛል። መቼ ጀመረው? በድንገት ነው ወይስ እያደር? ከመጥፋቱ በፊት ምን ይል ነበር? ሲሞቅ ይብስበታል? ማን ከፈተው? ምን ነካ? መልሴን በካርቶን ቁራጭ ላይ ይጽፋሉ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ማለት ይኸው ነው፤ ብዙ ሐኪም ይህን ያህል ጠይቆኝ አያውቅም።

ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ከጀርባው ያለውን ታርጋ አነበቡ። ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ዕቃ ብዙውን ጊዜ 120 ቮልት ነው፣ ከጃፓን ገበያ የወጣው 100። ወንድማችን በደስታ ሰክሮ 220 ላይ ይሰካዋል፤ ጭስ! ስንቱ ኪቦርድ የቆመው በዚህ ነው። የእኔው 220 ነበር። በቴስተር መሥመሩን ለኩ፤ 5 ቮልት አለ፤ 15 በፖዘቲቭ፣ 15 በኔጌቲቭ አለ። «ልቡ ይመታል» አሉኝ።

ከዚያ ያደረጉትን ስሙልኝ። የጆሮ ማዳመጫ አነሡና የማዳመጫው ቀዳዳ ላይ ሰኩ። በቃ ይኸው ነው። አንዱን ቁልፍ ተጫኑ፣ ማዳመጫውን ለእኔ ሰጡኝ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚንከባለል ጠርሙስ የመሰለ ነገር ይጮኻል።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ ጋሼ፤ ምንድን ነው?»

«ያበደ ድምፅ ነው። ግን ድምፅ ነው። ቦርዱ ቢሞት ይኼ አይሰማም ነበር።»

የሁለት ጥገና ቤት ፍርድ በአንድ ደቂቃ ተሻረ። ያበደው ትውስታው ስለጠፋ ነው። መሣሪያውን አንድ ድምፅ ከባዶ እንዲጀምር አዘዙት፤ ምንም ያልተጨመረበት፣ ጥርት ያለ አንድ ሞገድ ወጣ። ስለዚህ አእምሮውም ጉሮሮውም ደህና ነው፤ ጆሮ ማዳመጫው ላይ የሚደርሰው ድምፅ የኋላው መውጫ ላይ የማይደርሰው መንገድ ላይ የሚያግደው ቢኖር ነው። የቀረው ያንን መንገድ መከተል ነው። ስፒናውን ነቀሉ፤ ጥቂት ቆዩ፤ ከፈቱ። በማጉያ መነጽር ሲያዩ ገመዱ የሚሰካበት ጃክ እግር ሥር፣ ሊዱ ዙሪያውን ፀጉር በምታህል ክብ ተሰንጥቋል። አርባ ዓመት ገመድ ሲሰካበትና ሲነቀልበት፣ ምን ያድርግ? ገመዱን ስነካው ድምፁ ሲመጣ ሲሄድ የነበረውም ይኸው ነው፤ በመጀመሪያው ቀን በአፌ የተናገርኩት።

መበየጃውን አግለው አንዲት ጠብታ ሊድ። ከዚያ ባትሪዋን በቀጥታ ከመበየድ ይልቅ ማቀፊያ አበጁላት፤ «የሚቀጥለው ሰው በመበየጃ እንዳይደፍራት።» ሦስት ቁልፎች ወይ ይጮኻሉ ወይ ዝም ይላሉ ስላልኳቸው እሱንም አዩ። ይህ ኪቦርድ ጣታችሁ በምን ኃይል እንዳረፈ የሚያውቀው በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ባሉት ሁለት መነካኪያዎች መካከል የሚያልፈውን ጊዜ በመለካት ነው፤ አቧራ ከገባ ልኩ ይሳሳታል። በንጹሕ አልኮል ጠረጉት። እግረ መንገዳቸውን ያረጁ የሚመስሉትን ካፓሲተሮች እንዲቀይሯቸው ስጠይቃቸው ለክተው ደህና ናቸው አሉኝ። ቢቀይሯቸው ኖሮ እኔ አመስጋኝ፣ እሳቸው ተጠቃሚ ነበሩ!

የፋብሪካውን 32 ድምፆች የጎረቤቴ ልጅ በላፕቶፕ መለሰልን፤ ሳንተነፍስ አለቀ። የወንድሜ ዘጠኙ ግን የት ተገኝተው? ስልክ ደወልኩለት። መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ «ወረቀት ያዝ» አለኝ። የዋሽንቱን አሠራር በቃሉ ሊነግረኝ ሞከረ፤ የትኛው ሞገድ የትኛውን እንደሚያወዛውዝ፣ ትንፋሹን ከየት እንዳመጣው፣ ግማሹን። ከዚያ ወዲያ «እ...» ይላል። 17 ቁጥር ላይ ያስቀመጥነው ነገር አሁን ፊሽካም አይሞላም። እናታችን ደግሞ በሕይወት የለችም፣ «አሁንም አልሆነም» የሚለን የለም።

እንግዲህ ተቃዋሚዬ ይነሣ። «በዚህ ልፋት አዲስ ትገዛ የለም ወይ? ደግሞ የዲኤክስ 7 ድምፅ በነፃ በኮምፒውተር አለ።» እውነት ነው፣ አለ፤ ደክሴድ የሚሉት ፕሮግራም አለ፣ ጥሩ ነው፣ የጎረቤቴም ልጅ አለው። የሚበጀው ሰው ይጠቀምበት። ግን እኔ የምናገረው ስለ ኪቦርድ ብቻ መሰላችሁ? የውኃ መሳቢያው፣ የሆስፒታሉ ማሽን፣ የወፍጮው ሞተርስ በነፃ ይወርዳሉ? የውጭ ምንዛሪ እንደ ዝናብ በሚጠበቅበት አገር አንዲት ጠብታ ሊድ የሚያድነውን ዕቃ ጥሎ «አዲስ ግዛ» ማለት ከየት የመጣ ጌትነት ነው?

ልጁን ብቻ ብረግም ግን ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ወደ ራሳችን እንምጣ።

ሽማግሌው ዘንድ ተቀምጬ ሳለ አንድ ደህና የለበሰ ሰው የጠገኑለትን አምፕሊፋየር ሊወስድ መጣ። ዋጋውን ሲሰማ ጮኸ። «ምን ቀየርክበት?» አላቸው፤ ልብ በሉ፣ የአባቱን እኩያ አንተ ብሎ። «ምንም አልቀየርኩም፤ የተፈታ ሽቦ አግኝቼ አሰርኩ።» «ለማሰር ነው ይኼ ሁሉ ብር?» ሽቦው የቱ እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጅቷል፤ እሱ ግን ለዚያ የሚከፍልበት ኪስ የለውም። አዲስ ቦርድ ነው ቢሉት ሦስት እጥፉን ቆጥሮ፣ አሮጌውን ቦርድ በፌስታል ይዞ፣ ደስ ብሎት ይሄድ ነበር። ሊነካው የሚችለው ነገር ስላገኘ።

ታዲያ ልጁ ምን በወጣው? መፈለግ ዋጋ ከሌለው፣ መቀየር ዋጋ ካለው፣ ማን ይፈልጋል? እኛው ነን ያሰለጠንነው። ለፈለገ እንነፍገዋለን፣ «ሄዷል» ላለ እንከፍለዋለን፣ ከዚያ በየሻይ ቤቱ «በዚህ አገር ባለሙያ ጠፋ» እያልን እናለቅሳለን። ዶክተር ዘንድ ገብተን ያለ ኪኒን ስንወጣ ካርድ መክፈላችን የሚቆጨን ሰዎች ነን እኮ!

ሥሩ ጥልቅ ነው። ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያለ ከማዕድ ያራቀ ማኅበረሰብ ነው ያሳደገን። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሳደብ እንዳይኖር አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ ቀርቶ ይሆናል። ዓይኑ ግን አለ፤ ለእጅ ሥራ ስንከፍል ምጽዋት የምንሰጥ የሚመስለን ያ ዓይን። የሙያ ትምህርቱም ቢሆን በደረጃ ተከፋፍሎ፣ በፈተና ተመዝኖ፣ ወረቀቱ በፍሬም ይሰቀላል፤ ግን አንድ ዕቃ ፊት ተቀምጦ፣ ሳይነኩ ማዳመጥን፣ ከብዙ ሊሆን ከሚችል አንዱን እየጣሉ እየጣሉ ወደ አንዱ መድረስን ምን ያህል ሰዓት ያስተምራል? የሥነ ጽሑፍ ክፍሌ ውስጥ ይህንኑ «ንባብ» እለው ነበር። ተማሪዎቼ አይወዱትም፤ ጊዜ ይፈጃል።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ጥገና ቤቶች ሆይ፣ የመፈለጊያ ዋጋ አውጡና በር ላይ ለጥፉት፤ ዕቃው ዳነም አልዳነ የሚከፈል። ከመክፈታችሁ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ ባለቤቱን ጠይቁ፤ ሊገለበጥ የሚችለውን ገልብጡ። «ሄዷል» ካላችሁ ደግሞ የቱ ክፍል እንደሆነና በምን እንደለያችሁት በወረቀት ጻፉልን። እኛም ደንበኞች ሳንነጫነጭ እንክፈል። መክፈል የማይፈልግ «አዲስ ግዛ» ሲባል አይክፋው።

የእኔን ሒሳብ ሽማግሌው በዚያው በካርቶኑ ጀርባ ላይ ጻፉት። «ፍለጋ፦ 2 ሰዓት ተኩል። ባትሪና ማቀፊያ። አልኮል። ሊድ፦ የለም።» ከፍዬ ካርቶኑን ለመንኳቸው፤ ሳቁና ሰጡኝ።

ስለ ተማሪ ጠየቅኳቸው። ሁለት ነበሩኝ አሉ፤ ጎበዞች ነበሩ፣ አንደኛው ከእኔ ይልቅ ጆሮ ነበረው። ሁለቱም አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጣሉ። ጆሮ ያለው ልጅ ሱቅ ከእሳቸው በር ፊት ለፊት ነው፤ ስወጣ አየሁት፤ ሰው ተሰልፎበታል።